ስም፣ ከየት፣ ወዴት

ከጣርማበር ቁልቁል፣ ደብረ ሲና ሳይደርስ፣
ጉም ቀኑን ሲያመሸው፣ መንገዱ ሲዳሰስ፣
አንድ ቤት አለችን፣ ቆርቆሮ ደርባ ያረጀች፣
ለገደሉ አፋፍ እንደ ሎሌ ያደገደገች።

ቅድመ አያቴ ማዘንጊያ ናት የቆረቆረቻት፤
ባሏን የቆላ ንዳድ ከይፋት ሲነጥቃት፣
ሁለት አጋሰስና አንድ ጋን ሲተርፋት።

ጎዳናው ያን ጊዜ የኮቴ ዱካ ነው፤
ሲራራው አሞሌ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣው፣
ትንፋሹ ሲያጥረው፣ ጉሙ ሲያስነጥሰው፣
«ቤቶች!» ይላል ከደጅ፤ «ቤት ለእንግዳ!» ነው መልሷ፤
መኝታ ማስከፈል ነውር ነበር ለእሷ፤
የጠላው ሂሳብ ግን አይጠፋም ከራሷ፤
ፊደል ባትቆጥርም በከሰል ትጭራለች፤
ምሰሶዋ ዛሬም የስንቱን ሙት ዕዳ አዝላለች።

ጣሊያን ተራራውን እንደ ቁርበት በሳው፤
ለቤታችን ደግሞ ስም አወጣ ለብቻው፤
«አልቤርጎ» ብሎ ጻፈ በኖራ፣ ከበሩ በላይ።
ማዘንጊያ የሰው ስም መስሏት
«ይምጣ» ብላ አልጋ አነጠፈች፤
አልቤርጎን ስትጠብቅ ሞተች።

ቤቱ ለአያቴ ለየሻረግ ሲደርስ የናፍጣ ዘመን ነው፤
ፊያት ሁሉ ፍሬኑ ግሎ ደጃፋችን የሚቆመው።
ስምንት ክፍል ሠራች።
ከሰባት ቁጥር የተነሣ ሾፌር ረፋዱ ላይ ገደል ገባ፤
ማታውን ቁጥሩን በቢላ ፋቀችው።
እስከ ዛሬ እኛ ቤት ከስድስት ቀጥሎ ስምንት ነው።

ከዚያ ፖሊስ አዘዘ፦ «መዝገብ ይኑር» ብሎ፤
ስም፣ ከየት፣ ወዴት፣ በሦስት ዓምድ ተከፍሎ።
ግርማይ፣ ከአሰብ፣ ወደ ሸኖ። (ሲሚንቶ።)
ቄስ ወልደ ጻድቅ፣ ከመንዝ፣ ወደ ፍርድ ቤት።
ቄስ ወልደ ጻድቅ፣ ከፍርድ ቤት፣ ወደ መንዝ።
ቄስ ወልደ ጻድቅ፣ ከመንዝ፣ ወደ ፍርድ ቤት፤
አሥራ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጥማድ መሬት።
ሁለት ሙሽሮች፣ ከመዘዞ፣ ወደ «እንጃ»።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት፣ ብርዱ ሲያንገበግብ፣
አንድ ልጅ መጣ፤ ጫማው የከተማ፣ ዓይኑ የሚባዝን።
ስሙን ጻፈ። ከየትን ጻፈ።
«ወዴት» ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።
አያቴ አየችው፤ «ተወው» አለች፣ «ቀለሙ ቀጥኗል።»
ሳይነጋ ሄደ፣ አልጋውን አንጥፎ፣ ሂሳብ ሳይከፍል።

ረፋድ ላይ መጡ፣ ጠመንጃ ያነገቱ።
የሻረግ ደጅ ተቀምጣ ቆሎ ትቋጥራለች፤
ያቺን ገጽ ለአራት ቀዳ ጠቅልላ ጠቅልላ
ገብስና ሽምብራ ሞልታባት
ለደሴ አውቶቡስ በስሙኒ በስሙኒ ሸጣለች፦
ከየቱን ለመነኩሴ፣ ባዶውን ወዴት ለሕፃን ልጅ።
ስሙ ያለበት ጥቅልል በእጇ ቀርቶ ነበር፤
አለቃቸው ራበው፤ ገዛት።
በአንድ እጁ መዝገቡን እየገለጠ
በሌላው ቆሎውን እየቆረጠመ
የሚፈልገውን ስም ፈለገ፤ አጣ፤
ወረቀቱን ጨምድዶ ገደሉ ውስጥ ጣለው።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ አንድ ሽበታም ሰው
ደጃፍ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ገጼስ?» አላት።
«ሰው በላው» አለች፣ ቀና ሳትል፤
«ከገብስ ጋር፣ በጨው። ይልቅ የአልጋ
አንድ ብር ከሃምሳ አለብህ።»
ከፈለ። እየሳቀ ነበር፤ ወይም ሌላ ነገር፤
ጉም ስለነበረ ፊቱ በደንብ አይታይም።
ስሙን እኔም አላውቀውም።

አሁን መኪናው ሁሉ በችኮላ ያልፋል፤
ደብረ ብርሃን ቁርሱን፣ ኮምቦልቻ ምሳውን።
የቤቱ ጓሮ በየክረምቱ አንድ ክንድ ይወርዳል።
ትናንት ጎማው የፈነዳበት ሾፌር አደረ፤
መዝገቡን ሰጠሁት።
ስሙን ጻፈ፣ ከየትን ጻፈ፣
ወዴትን ዘለለው።
ሙላ አላልኩትም፤ ሂሳቡን ግን ማታውኑ ተቀበልኩ።